ኮምፒውተሩን ዝም ለማሰኘት

ያ ኮምፒውተር ከተማችን መካነ ሰላም የገባው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ታላቅ እህቴ በቤት ሠራተኝነት የምትሠራበት የጂዳ ቤት ባለቤቶች አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ሊጥሉት አወጡት፤ እሷ ለምና ወሰደችውና ወደ አገር ከሚመለሱ ሰዎች ዕቃ ጋር ላከችልን። ለዓመታት አቧራውን ስትወለውል የኖረችው ራሷ ናት። ስልክ ደውላ "እንደ ሰው ያዢው" ያለችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ያን ጊዜ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የገባለት ሰሞን ስለነበር ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቴክኖሎጂ ነው፤ ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ አላችሁ አለን። እናቴ ወዲያው ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው።

ሲመጣ ሰማንያ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ያህል እያጉረመረመ ይሠራ ነበር፣ ያንን ችለነው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ለየለት። ሲከፈት ያጓራል፣ ቆይቶ ያፏጫል፣ ሞቅ ሲለው ጠረጴዛውን ጭምር ያንዘረዝረዋል። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "እናንተዬ፣ ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ? እህሌን ላምጣዋ!" እያለች ታሾፍብን ነበር። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ሳቄ የቆመው አባ ሲታመሙ ነው።

አባቴ ቁርኣን ያስቀራሉ። እኛን ልጆቻቸውን ጨምሮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። አሠራራቸው ከሌላው ይለያል፤ አይቆጡም፣ አይገርፉም፣ ስህተትንም በቃል አያርሙም። ሉህ የምንለውን የእንጨት ሰሌዳ ጉልበታቸው ላይ ያጋድሙና የሚጽፉበትን መቃ ይይዛሉ። የሚቀራው ልጅ ሲስት በመቃው ሉሁን አንድ ጊዜ ቋ ያደርጉታል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሳተውን ራሱ ተመልሶ ይፈልገው። ካላገኘው እንደገና ቋ። ትክክል ለቀራ ልጅ ደግሞ ምስጋናው ዝምታ ነው። ልጅ ሳለን ያንን ዝምታ ለማግኘት የማንሆነው ነገር አልነበረም።

እህቴ ጎበዝ ነበረች፣ ግን ችኩል። አንድ ረጅም ሱራ ውስጥ አንድ ቦታ ነበረ፣ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ትስታለች። እየጋለበች መጥታ እዚያው ትደነቀፋለች፤ ቋ። ትመለሳለች፣ ትሞክራለች፣ ቋ። በመጨረሻ ሳቋ ይመጣና ሱራውን ትታ ትነሳለች። እኔ ትንሿ ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ ቦታውን ከሷ በፊት አውቀው ስለነበር መቃው ሳይወርድ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ያንን ቦታ ሳታስተካክል ነው አረብ አገር የሄደችው።

የአባ ሕመም በጉሮሮ ነው የጀመረው። ብርድ ነው አልን፤ ማር በትኩስ ውሃ አጠጣናቸው፣ ጦስኝ አፈላንላቸው። ድምፃቸው እየሻከረ እየቀጠነ ሲሄድ ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ሕክምና የድምፃቸው መውጫ መነሳት እንዳለበት ነገረኝ። ሕይወታቸው ሊተርፍ ይችላል፣ ድምፃቸው ግን አይተርፍም። በአቀስታ በኩል ስንመለስ መኪናው ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ አባ ጋቢያቸውን ወደኔ እየሳቡ አለበሱኝ፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቅሳለሁ።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። መምጣት አትችልም፤ ወረቀቷ የተስተካከለ አልነበረም፣ ከወጣች መመለሻ የላትም፣ የአባን መታከሚያ የምትልከው ደግሞ እሷው ናት። ከዚያ "ድምፃቸውን ቅጂልኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ያቺንም ሱራ ይቅሩልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም" አለችኝ። ይኼ ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኳት። ኮምፒውተር አለን፣ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ከጓደኛ ተውሻለሁ፣ ሲዲ ከሱቅ ይገኛል። በማግስቱ አባን ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጬ ቀዳኋቸው፤ ሲዲውን ወደዚያው ለምትሄድ ሴት አስያዝኩ።

ከሳምንታት በኋላ እህቴ ደወለች። "አባን አልሰማኋቸውም" አለችኝ። "ነፋስ ነው የሰማሁት። ወንዝ ይሁን ነፋስ እንጃ። ከሥር የሰው ድምፅ ያለ ይመስላል፣ ግን አይለይም።" ቀጥላም "እኔ ስወለውለው እኮ እንዲህ አይጮህም ነበር" አለች። ስልኩን ዘግቼ የተቀዳውን ከፍቼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። የአባ ድምፅ ቀድሞውንም ሹክሹክታ ሆኖ ስለነበር የማሽኑ ጩኸት ውጦታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ያ ሳጥን ጠላቶች ሆንን። የነበረን ቴፕ መቅጃው ከተበላሸ ቆይቷል፤ የቢሮው ኮምፒውተር ድምፅ የሚቀዳበት ነገር አልነበረውም፤ ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ሞባይልም ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሳጥኑን ላርቀው ብል የማይኩ ገመድ አጭር ነው፤ አባን ጓዳ ሳስገባ ማይኩ በር ላይ ይቀራል። ስፖንጅ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤ ጠረጴዛው መንዘርዘሩን ተወ፣ ሳጥኑ ግን አልተወም። አባ ይህንን አይተው የሚሰግዱበትን አጎዛ አንስተው "በዚህ ሞክሪው" አሉኝ። በአጎዛው ላይ ጋቢ ደርቤ ጠቀለልኩት፤ ጩኸቱ ታፈነ። ትንሽ ቆይቶ ሳጥኑ እንደ ምድጃ ግሎ ራሱን አጠፋ። ደሴ ላለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልኩ። የሚጮኸው ፋኑ ነው፣ ውስጡን ከሙቀት የሚጠብቃት ማራገቢያ ናት፤ መቀየር ነበረባት፣ ግን የዚህን አሮጌ ልክ አላገኝልሽም አለኝ።

በየሙከራው መሃል አባን "እስቲ አንድ ጊዜ ይናገሩ" እላቸዋለሁ። ቢስሚላህ ይላሉ። በየጊዜው ቢስሚላሁ ይቀንሳል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ እንጂ እሳቸውም ያውቁት ኖሯል። ተስፋ መቁረጥ ማለት ምን እንደሆነ ያን ሰሞን ነው የገባኝ፤ አንድ እየጮኸ የማይደክም ነገር አለ፣ አንድ ደግሞ እየደከመ የማይጮህ፣ እኔ በመሃል ጠመንጃ መፍቻ ይዤ ቆሜያለሁ። ድምፃቸውን እንዲቆጥቡ ብዬ ልጆቹን ማስቀራቱን ይተዉ ስላቸው ቀስ ብለው ሳቁብኝ።

"ለልጆቹ ነፍጌ ለብረት ላስቀምጠው?" አሉኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ እያጓራ፣ እኔ እየተሳደብኩ፣ አባ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሲያዳምጡ ቆዩና ጣታቸውን አነሱ። "ነገሩ ከእናትሽ ጋር ነው" አሉ። በእማ የሚያሾፉ መስሎኝ ሳቅሁ። አባ ግን ወደ ጥጡ ቅርጫት ጠቆሙኝ። እማ ክረምቱ ሲገባ በረንዳው ስለበረዳት ጥጧንና መንደፊያ ደጋኗን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ስትነድፍና ስትፈትል ነበር የከረመችው። የሳጥኑ ጩኸት የባሰውም ከዚያ ወዲህ ነው። አባ ዕድሜ ልካቸውን በጆሮ ስህተት ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ይህንንም በጆሯቸው አገኙት።

ክዳኑን ስከፍተው በረዶ የጣለበት ሜዳ መሰለኝ። ደጋኑ ሲመታ የሚበነውን የጥጥ ብናኝ ፋኗ ስባ ስባ ውስጡን ሞልታዋለች። ከፋኗ ሥር ባሉት የብረት ክንፎች መሃል ተጠቅጥቆ ድፍን ጨርቅ ሆኗል። ምስኪኗ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የምትጮኸው። በመርፌ እየነቀልኩ፣ በዶሮ ላባ እየጠረግሁ ሳወጣ እማ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጄ ላይ ያለውን ጥጥ ወስዳ በጣቶቿ አሻሸችው፤ የራሷን ጥጥ አወቀችው። ያ ጥጥ ለእህቴ የሚሆን ጋቢ ነበር፤ ስትመጣ ትለብሰዋለች ብላ የጀመረችው።

"እኔ ነኝ እንዴ ድምፃቸውን ያፈንኩት?" አለች። አብሽሪ፣ አንቺ ምን ታውቂ ነበር አልናት፤ አልሰማችንም። ቅርጫቱንም እንዝርቱንም ደጋኑንም ይዛ ወጥታ ጎረቤት ቤት አስቀምጣ መጣች። ዳንቴሉንም ገፈፈችው። ከዚያ ወዲያ እጆቿ ሥራ ፈትተው ጭኗ ላይ ተቀምጠው ማየት ለኔ ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

ጥጡ ሲወጣለት የሳጥኑ ድምፅ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የቀረው ፋኗ ስትዞር የምታሰማው ማቃሰት ነው፤ መሃሏ ደርቆ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ተደውሎ የአባ ተራ መድረሱ ተነገረን። እኔ ቢሮ ውዬ ስመለስ እማ ፊቷ በርቶ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ነይ ስሚው" አለችኝ። ከፈትኩት። ፋኗ ትዞራለች፣ ድምፅ የለም። እማ ለበሩ ማጠፊያም፣ ለልብስ ሣጥኑ ቁልፍም የምታውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ቅቤ። አንጥራ፣ በመርፌ ጫፍ እያንጠባጠበች መሃሏን አጠጥታታለች። እኔ የመጣብኝን ሳቅ አቅፌያት ሳቅኩት። ድካሜ ሁሉ ከላዬ ወረደ። አባ የዚያን ቀን ደክመው ስለነበር፣ ድምፃቸውም ጠዋት ጠዋት ስለሚሻል፣ ለነገ አሳደርነው።

ጠዋት ብርዱ ሌላ ነበር። ውርጭ ጥሎ ሣሩ ነጥቷል። አባ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ማር በትኩስ ውሃ ጠጡ፣ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ለሰው ፊት እንደሚቀርቡ ሁሉ ነጭ ጀለብያቸውን ለብሰው መጡ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ ሳጥን ሰምቼ አላውቅም። ማታ ከነበረው እንኳ ይበልጣል፤ የግድግዳው ሰዓት ይሰማ ነበር። አልሀምዱሊላህ አልኩ። ማይኩን ከከንፈራቸው አጠገብ አድርጌ ጀምሩ አልኳቸው።

አባ ቀሩ። ያን ጠዋት ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አላህ ያውቃል። ሻካራ ነው፣ ግን ሙሉ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ያው ድምፅ። ለእህቴ ዱዓ አደረጉላት፣ በልጅነት ስሟ ጠርተው መረቋት። ከዚያ ያቺን ሱራ ጀመሩ። እማ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ያቺ ቦታ ልትደርስ ስትል ስክሪኑ ጨለመ። ዝምታው ያው ነው፣ የጨለመው ስክሪኑ ብቻ ነው። አባ አላዩም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እየቀሩ ነበር። እኔ ማቆሚያ ቃል አጣሁ። እስከ መጨረሻው ቀሩትና ዓይናቸውን ሲገልጡ ፊቴን አዩ።

ቅቤው በሌሊቱ ብርድ ረግቶ ፋኗን እንደ ሰም ይዟት ነበር። ያ ሁሉ የተደሰትኩበት ዝምታ ፋኗ ስላልዞረች ነው። ሳጥኑ ግሎ ግሎ ራሱን አጠፋ፣ የተቀዳው አብሮ ጠፋ። እማ ሳትጠየቅ ገባት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ እማን ላጽናና፣ አባን ላረጋጋ፣ ሳጥኑን አንስቼ ግቢው ውስጥ ልፈጥፍጠው፣ ሁሉም አማረኝ፤ አንዱንም አላደረግሁም። አባ እጃቸውን እማ ትከሻ ላይ አሳርፈው ሊናገሩ ሞከሩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። የቀረቻቸውን ድምፅ ያን ጠዋት ጨርሰዋት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ከአባ አፍ አልሰማሁም።

ያን ቀን ቢሮ አልሄድኩም። ፋኗን ፈትቼ በላምባ አጠብኳት፣ ቅቤው ሟሙቶ እስኪለቅ። ገበያው ዳር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ የስፌት መኪና ዘይት ለመንኩት፤ በጠብታ ሰጠኝ። ለምን እንደማደርገው አላውቅም። ድምፁ ሄዷል፣ ማሽኑን ዝም ማሰኘት ለማን ነው? ግን እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ፋኗን መልሼ ገጥሜ ስከፍተው ዞረች፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ማቃሰት። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ ነው የሰማኋት። ያን ጊዜ ምርር ብዬ አለቀስኩ። ለሳምንታት የለመንኩትን ነገር አገኘሁ፣ የምቀዳው ድምፅ ግን የለም።

አባ ሲያዩኝ ቆይተው ተነሱ። ከግድግዳው ሉሁን አወረዱ፣ መቃቸውን ያዙ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ሉሁን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ማይኩን ከኔ ወስደው ከሉሁ አጠገብ አደረጉት። ከዚያ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ፤ ቅሪ ማለታቸው ነው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልገባኝም፣ ግን አባ ቅሪ ካሉ ይቀራል። ያቺን ሱራ ጀመርኩ። አልሳትኩም፤ አባ ዝም እንዳሉ ነው። የእህቴ ቦታ ደረስኩ፣ በትክክል አለፍኩት።

ቋ።

ደነገጥኩ። ተመልሼ በጥንቃቄ ቀራሁት። አልሳትኩም፣ እርግጠኛ ነኝ። ቋ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አባ እኔን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ባሕሩ ማዶ፣ እህቴ ወዳለችበት አቅጣጫ ነው፣ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ አለ። ያኔ ገባኝ። መቃው ለኔ አልነበረም። ሱራውን ጨረስኩት፤ ሌላ ቦታ አልመቱም። የተቀዳውን ከፍቼ ስሰማው የኔ ድምፅ፣ የአባ ትንፋሽ፣ የመቃው ምት፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። ፋኗ የለችም።

አዲስ አበባ ሄድን፣ አባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው አንገታቸው ላይ ትንሽ የትንፋሽ ቀዳዳ ይዘው ተመለሱ። ሲዲውን እዚያው ሳለን ወደ ጂዳ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼው ነበር። ከተመለስን ቆየት ብሎ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት መልስ እህቴ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። "አባ አጠገብሽ አሉ?" አለችኝ። አሉ አልኳት። "ስልኩን ሉሁ ላይ አድርጊላቸው።"

አባ ከፊቴ ነገሩን አንብበው ኖሮ ሉሁን ሳልጠይቃቸው አወረዱት። ሞባይሉን ከላዩ አደረግሁና ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እማም ከወዲያ በኩል ጎንበስ አለች። እህቴ መቅራት ጀመረች። ቀስ እያለች ነው፣ በልጅነቷ እንደዚያ ቀስ ብላ ቀርታ አታውቅም። መቃው በአባ ጣቶች መሃል ከፍ ብሎ ቆሟል። ያቺ ቦታ ደረሰች። ሳትስት አለፈቻት፣ ሱራውን እስከ መጨረሻው ቀራችው። ከዚያ ዝም አለች፤ እየጠበቀች ነው። መስመሩ ውስጥ የሩቅ ሽውታ ብቻ ነው ያለው።

"አልመቱም?" አለች በመጨረሻ።

"አልመቱም" አልኳት።

በስልኩ ውስጥ እህቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አባ መቃውን ወደ ሉሁ መልሰው አስቀመጡት፤ ቀስ አድርገው፣ ድምፅ እንዳያሰማ።